የበገና ድምፅና እንዚራ የምትባለው ቊራጭ ቆዳ

በገናን ከሌሎቹ የአገራችን የአውታር መሣሪያዎች ለይቶ የሚያሳውቀው ቁመቱ ወይም የአውታሮቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ዐይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ሁለት አውታሮች እንደተነኩ «ይህ በገና ነው» ለማለት የሚችለው፣ ከእያንዳንዱ ድምፅ ጋር ተያይዞ የሚወጣ፣ ንብ በቀፎዋ ውስጥ ሆና የምታሰማውን የሚመስል ዝዝ የሚል ንዝረት ስላለው ነው። ክራር ይህ የለውም፤ መሰንቆም የለውም። ይህን ንዝረት የምታስገኘው በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ አንዲት ትንሽ ቊራጭ ቆዳ ስትሆን፣ ስሟ እንዚራ ይባላል። ስለ በገና የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በንጉሥ ዳዊት ታሪክና በዐሥሩ አውታሮች ምሳሌነት ላይ ነው። እኛ ግን ከዚህች ቆዳ ተነሥተን ወደ ሠሪዎቹና ወደ ደርዳሪዎቹ ብናመራ ይሻላል የሚል አሳብ አለን። ምክንያቱም በገና በእኛ ዕድሜ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ እንጨትም አንጀትም ቆዳም አልጠፋም ነበር፤ እያነሱ የሄዱት እንዚራን በቦታዋ ማስቀመጥ የሚያውቁ እጆች ነበሩ።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት፣ በ150ኛው መዝሙር፣ ዕንዚራ ራሱን የቻለ የምስጋና መሣሪያ ስም ሆኖ ከመሰንቆ፣ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ይጠራል። በበገና ደርዳሪዎች ዘንድ ግን የቆዳዋ መጠሪያ ሆኗል። ስም ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የተዘዋወረው በዚህ ብቻ አይደለም። ዛሬ መሰንቆ ስንል በደጋን የሚመታውን፣ ባለ አንድ አውታሩን የአዝማሪ መሣሪያ ማለታችን ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን እንደ በገና ባለ አራት ማእዘን የሆነ የአውታር መሣሪያ አይቶ፣ ስሙ «የዳዊት መሰንቆ» እንደሚባል ጽፏል። ስለዚህ በጥንት መጽሐፍ «መሰንቆ» የሚል ባነበብን ቊጥር የአዝማሪውን መሰንቆ በዐይነ ኅሊናችን መሣል አይገባንም፤ ብዙ ጊዜ የተባለው የዛሬው በገና ሳይሆን አይቀርም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የዳዊት መጻሕፍት ላይ ንጉሡ በገና ይዞ ተሥሎ መገኘቱም መሣሪያው ከአልቫሬዝ መምጣት በፊት በቤተ መንግሥቱና በገዳማቱ ዘንድ በደንብ የታወቀ መሆኑን ያስረዳል።

በገናው ከኢየሩሳሌም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ የሚለውን ትውፊት አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው አንዘረዝረውም። ትውፊቱ ሕዝቡ ለመሣሪያው የሰጠውን ክብር የሚመሰክር እንጂ የመሣሪያውን መንገድ የሚያሳይ ሰነድ አይደለም፤ ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ይበጃል። በገና የሚመደብበት የአውታር መሣሪያ ቤተሰብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በሜሶጶጣሚያ በዑር መቃብሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት አካባቢ የተቀበሩ ተገኝተዋል፤ በጥንታዊ ግብፅ ሥዕሎችና በግሪኮች ዘንድም ይታያሉ። በእነዚያ አገሮች ብዙው ሲጠፋ፣ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በሕይወት የሚገኘው በዋናው ከቀይ ባሕር ዳርቻና ከሱዳን አንሥቶ በኢትዮጵያ አልፎ እስከ ኬንያና ኡጋንዳ በሚደርሰው ምድር ነው። ከዚህ ሁሉ ዘመድ መካከል ግዙፉና ድምፁ ወፍራሙ በገና ነው።

አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሲሆን፣ ከታች ገበቴ የሚባለው፣ ከእንጨት የሚሠራውና በከብት ቆዳ የሚለበጠው ሣጥን አለ። ከገበቴው ሁለት ዐምዶች ይነሣሉ፤ በላያቸውም ቀንበር ይጋደማል። ዐሥሩ አውታሮች የሚሠሩት ከበግ ወይም ከፍየል አንጀት ነው፤ አንጀቱ ታጥቦ፣ ስቡ ተፍቆ፣ ተጠምዝዞ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። አውታሮቹ ከላይ በቀንበሩ ላይ መቃኛ በሚባሉ እንጨቶች ይጠብቃሉ፤ ከታች ደግሞ በበርኩማው ላይ አልፈው ይታሰራሉ። ሊቃውንቱ ለየክፍሉ ምሳሌ ሰጥተውታል፤ ዐሥሩ አውታር ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱ ዐምድ ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው ይባላል።

አውታሩ ዐሥር ይሁን እንጂ ሁሉም አይደረደርም። ደርዳሪው ተቀምጦ በገናውን በግራ ጎኑ በኩል አስጠግቶ፣ በግራ እጁ ጣቶች አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑትን ብቻ ይነካል፤ የቀሩት ጣት አንዱን አውታር ከነካ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ቅኝቱም በትዝታ ወይም በአንቺ ሆዬ ነው። ይህ ለጀማሪ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ዐሥሩን አውታር ለምን ተሸከመ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የጣት ማረፊያ የሌለው ደርዳሪ እጁ በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ምቱ አይረጋም የሚል ነው። ምሳሌነቱ ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር ቢያያዝም፣ የእጁም ሥራ ያንኑ ቊጥር ሳይፈልገው አልቀረም።

አሁን ወደ እንዚራ እንመለስ። አውታሩ በበርኩማው ላይ ሲያልፍ እንዚራዋ ከሥሩ ትገባለች። አውታሩ ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች እየተርገበገበ ቆዳዋን በስሱ ይመታታል፤ እያንዳንዱ ግጭት ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይቀሰቅሳል። የበገና አውታሮች በጣም ወፍራም በሆነ ድምፅ የሚቃኙ ናቸው፤ ገበቴው ደግሞ ያን የመሰለ ወፍራም ድምፅ ለብቻው አጉልቶ ለማውጣት የሚበቃ ስፋት የለውም። እንዚራ ባይኖር ኖሮ በክፍሉ ጥግ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የታፈነ ቱክታ ብቻ በሆነ ነበር። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሲጎሉ ግን ጆሮ ከእነርሱ ተነሥቶ መሠረቱን ራሱ ይሞላዋል፤ ድምፁም ከተነካ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አየሩ ላይ ይቆያል። ቤልጅጋዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር ይህን በመለኪያ መሣሪያ መርምራ ሰፊ ጥናት ጽፋበታለች።

ችግሩ እንዚራ የምትቀመጥበት ቦታ በዐይን የሚታወቅ አለመሆኑ ነው። ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ከገባች አውታሩን ታፍነዋለች፤ ወደ ውጭ ከወጣች ንዝረቱ ይጠፋል። ልኩ በፀጉር ስፋት የሚቆጠር ነው። አንጀትና ቆዳ እርጥበት ሲነካቸው የሚላሉ፣ ድርቀት ሲመጣባቸው የሚሸማቀቁ በመሆናቸው፣ በጠዋት የተስተካከለው በማታ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በገና ደርዳሪ ከመደርደሩ በፊት እያንዳንዱን አውታር እየነካ፣ ጆሮውን እየጣለ፣ እያንዳንዷን እንዚራ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። መጽሐፍ ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ የተቀዳ ድምፅም ውጤቱን እንጂ መንገዱን አያሳይም። መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ መስማትና ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ዐይነት ፍላጎት፣ ማለትም ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብሎ ማንዘር፣ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ ታምፑራ የሚባለው መሣሪያ በአውታሩና በበርኩማው መካከል ቀጭን ክር ይገባበታል፤ ሥራው የእንዚራ ሥራ ነው። በዚምባብዌ የምቢራ ሰሌዳ ላይ ቀንድ አውጣ ወይም የጠርሙስ ክዳን ይታሰርበታል። ከሁሉ የሚገርመው ግን በጥርስ መካከል ተይዞ ምላሱ በጣት የሚነካው ትንሹ የብረት መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በእስያና በአውሮፓ በብዙ ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ የሳይቤሪያ ያኩቶች ኾሙስ ይሉታል። በአገራችን ደጋ የታወቁት የዜማ መሣሪያዎች ሲቆጠሩ እርሱ አይገኝባቸውም፤ ነገር ግን የድምፁ ጠባይ ለበገና ሰሚ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። የብረቱ ምላስ የሚያወጣው መሠረታዊ ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚመጣው ተጫዋቹ አፉን ሲያጠብና ሲያሰፋ ከዚያ ከአንዱ ድምፅ ውስጥ ቀጫጭኖቹን እየመረጠ ስለሚያጎላቸው ነው። የተጫዋቹ አፍ ገበቴው ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ለብዙ ሕዝብ አደባባይ ሳይሆን ለራስና ለአጠገብ ሰው የተሠሩ ድምፆች ናቸው።

የሠሪዎቹ ታሪክ ግን ይለያያል። በኦስትሪያ ሞልን በምትባል መንደር የዚህ የአፍ መሣሪያ አንጥረኞች በ1679 እ.ኤ.አ. የራሳቸው የሙያ ማኅበር ሥርዐት ነበራቸው፤ ማን መሥራት እንደሚችል፣ ማን እንደሚያስተምር ተደንግጎ ነበር። የሙያ ማኅበር አባል የሆነ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የበገና ሠሪ እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረውም። ብዙውን ጊዜ ደርዳሪው ራሱ ሠሪ ነበር፤ ወይም እንጨቱን አናጢ ያዘጋጅለትና አውታሩን፣ መቃኛውንና እንዚራውን ራሱ ያበጃል። ይህም አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት ነበረው። ጥቅሙ የሚሠራውና የሚሰማው ጆሮ አንድ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ደርዳሪው ሲሞት ሠሪውም አብሮ መሞቱ ነው።

ደርዳሪዎቹ እነማን ነበሩ? በገና በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ውስጥ አይገባም፤ እዚያ የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። የበገና ቦታ ቤት ነው። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ አዳራሽ፣ በሊቃውንቱ ጎጆ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም፣ ሌላው ዘፈን ሁሉ ዝም በሚልበት ወራት ይደረደራል። አዝማሪ በሙያው የሚተዳደርና ብዙ ጊዜ የሚናቅ ሲሆን፣ በገና መደርደር ግን ለጨዋ ልጅ የተገባ ትምህርት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ስለ ክራር «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለው አነጋገር የተፈጠረውም ከዚሁ ንጽጽር ነው፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ክራር ባወጡት ጥናት ርእስ ላይ ይህንኑ አነጋገር አስገብተውታል። አነጋገሩ ክራርን ይበድላል ባይ ነን፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ወንድማማች ናቸው፤ የለያያቸው የተጫወቱበት ቤት ነው።

የበገናው ግጥም በአማርኛ ነው። ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን ይናገራል፤ ሰምና ወርቅም አያጣውም። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ ሹክሹክታ የሚጠጋ ነው። ደርዳሪው ሲያዜም ጉሮሮውን ከአውታሩ በላይ አያወጣም፤ ሰሚው ራሱን ዘንበል አድርጎ እንዲያዳምጥ ይገደዳል።

ይህ መሣሪያ ወደ አርሲ ደጋ የገባው በቅርብ ነው ሊባል ይችላል። በ1886 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር የአርሲን ሕዝብ የረጅም ጊዜ ተጋድሎ በኃይል ካበቃ በኋላ፣ ወታደሩና ካህኑ ከሰሜን መጥቶ ሲሰፍር፣ ቤተ ክርስቲያንም በአሰላ፣ በሮቤና በሌሎቹም ከተሞች ሲተከል፣ የዐቢይ ጾም ልማድ አብሮ መጣ። (ሮቤ ስንል የአርሲዋን ነው፤ የባሌዋን ሮቤ የሚያስቡ ባልደረቦች ሁልጊዜም አይጠፉም።) መሬቱን ተነጥቆ ገባር ለሆነው ገበሬ ከመልከኛ ቤት የሚወጣ ዜማ የጸሎት ድምፅ ብቻ ሆኖ ሊሰማው አይችልም ነበር፤ ስለ በገና ክብር ስንናገር ይህንንም መዘንጋት ፍርድን ማጉደል ነው።

የአርሲ ኦሮሞ የራሱ የልመናና የምስጋና ዜማ ነበረው፤ አለውም። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ለዝናብ፣ ለሰላም፣ ለወሊድ ይለምናሉ። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናን ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው የዋቤን ወንዝ ተሻግረው ሲሄዱ ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ ያዜማሉ። በገና አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያዜምበት ነው፤ ባህሮ በመንገድ ላይ በብዙ አፍ የሚዜም ነው። የሆነ ሆኖ በሁለቱም ዘንድ ዋናው ቃሉ ነው። መሣሪያው ወይም በትሩ የቃሉ ተሸካሚ ነው። በዚያው ተራራ ሥር፣ በካካና በጭላሎ ነፋስ ውስጥ፣ ሁለቱ ልመናዎች ጎን ለጎን ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ዜማ በጥሞና ሊሰማ የሚችልበት ዘመን የመጣው ዘግይቶ ነው።

ወደ ዋና ከተማው ስንመለስ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የተቋቋመው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ከክራር፣ ከመሰንቆና ከዋሽንት ጋር ወደ ክፍል አስገባው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ጎረቤት ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ሙያ የትምህርት ሰዓትና ፈተና ተሰጠው። በ1942 ዓ.ም. አካባቢ በእንጦጦ የተወለዱት አቶ ዓለሙ አጋ፣ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን በገና ከ1972 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ሲንሲያ ትሴ ኪምበርሊን የእርሳቸውን አደራደር ቀድታ፣ በኋላ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ከክራርና ከመሰንቆ ጋር ለዓለም አሰምታለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችን በዐይናችን አይተነዋል። ከአብዮቱ በፊት በዐቢይ ጾም በራዲዮ ይሰማ የነበረው በገና ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ከአየሩ ጠፋ። መሣሪያው ከሃይማኖትና ከመሳፍንት ቤት ጋር ተያይዞ ስለታየ፣ የባህል ትርኢት ክራርንና መሰንቆን በሰፊው ሲጠቀምበት በገናን ወደ ጎን አስቀመጠው። በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ተቋረጠ፤ መምህሩም ከዚያ ወጥተው በፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። በገናን በአዋጅ የከለከለ ሕግ አላስፈለገም። ራዲዮው ዝም ሲል፣ ክፍሉ ሲዘጋ፣ አረጋውያኑ አንድ በአንድ ሲያልፉ በቂ ነበር። ክራር በዚያው ጊዜ የአንጀት አውታሩን በናይለንና በሽቦ ለውጦ፣ ኤሌክትሪክም ተገጥሞለት መድረክ ላይ ቀጠለ፤ የበገና ጠባይ ግን እንዲህ ያለውን መላመድ አይፈቅድም።

የያኩቶች ኾሙስ የደረሰበትም ዕጣ ከዚህ ይመሳሰላል። በሶቪየት ዘመን ከሻማኖች እምነት ጋር ተያይዞ ስለታየ ተገፍቶ ነበር፤ ሆኖም የገጠር አንጥረኞች በየቤታቸው መቀጥቀጣቸውን አልተዉም፤ በ1990 እ.ኤ.አ. በያኩትስክ ከተማ ለእርሱ ብቻ የቆመ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በእኛም አገር በገናን ያዳነው ተቋም አልነበረም። ሱቃቸው ውስጥ፣ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ለመጣ ተማሪ የሚያሳዩ ጥቂት ደርዳሪዎች ነበሩ። የአቶ ዓለሙ አጋ ቅጂ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ታትሞ በኋላም ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ስብስብ 11ኛ ቊጥር ሆኖ ሲወጣ፣ በአገር ቤት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል ክፍሎች የበገና ትምህርት እንደገና ተስፋፋ። ዛሬ ከተማሪዎቹ መካከል ሴቶች ልጆች ብዙ ናቸው።

ይህ መስፋፋት ደስ ቢያሰኝም፣ አንድ ነገር ያሳስበናል። በብዛት ሲማሩ፣ በብዛት ሲሠራ፣ በገናው በድምፅ ማጉያ በትልቅ አዳራሽ ሲሰማ፣ እንዚራዋ ድምፁ እንዲጮኽ ብቻ ትስተካከላለች። ማጉያው ቀጫጭኑን ድምፅ አግንኖ ወፍራሙን ይውጠዋል፤ ተማሪውም ያን ሻካራ ድምፅ ትክክለኛው መስሎት ይለምደዋል። የድሮው ልክ በአንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች የተበጀ ነበር።

በአርሲም ሆነ በሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከአያት የቀረ በገና በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ባልደረቦች ይኖራሉ። አውታሩ ተበጥሶ ቆዳው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ለማሳደስ ሲወስዱት አሮጌዎቹን እንዚራዎች እንዳያስጥሉ፤ በወረቀት ጠቅልለው፣ የትኛዋ ከየትኛው አውታር ሥር እንደ ነበረች ጽፈው ያስቀምጡ። የመጥበቧና የመወፈሯ መጠን፣ በአውታሩ የተበላው ቦታዋ፣ በዚያ ቤት ውስጥ በገናው እንዴት ይሰማ እንደነበር ለሚያውቅ እጅ ይነግረዋል።